የጋቢው ጥግ

ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሳቢራ የአባቷን ሻይ ይዛ ከጓዳ ወደ ሱቁ ልትገባ ስትል የወንድሟን ድምፅ ሰማችና ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። ሙሂዲን የልብስ ስፌት ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ከኦቦ ቱፋ ጋር ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ነበር፤ አባታቸው ገና ወደ ሱቁ አልወጣም። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ደግሞ የሙሂዲን ልማድ አይደለም፤ መነኻሪያው አጠገብ ጫማ ሲሸጥ የሱ ጥሪ የአውቶቡስ ረዳቶቹን ጥሪ ይውጠዋል።

«ዘጠኝ ተኩል ላይ ብቅ ይበሉ፣ ኦቦ ቱፋ። አባ ያን ሰዓት መስጊድ ነው። ጨርቁን ጠቅልዬ እጅዎ ላይ አስቀምጥልዎታለሁ።»

«እሱ ሳይሰማ?» አሉ ኦቦ ቱፋ።

«ቢሰማ ምን ይጠቅመዋል? እጁ እንደሆነ አልቋል። ስኒ እንኳ አያነሳም። እንዲህ ያለውን ጨርቅ አበላሽቶ ከሚያፍር ዝም ብለን ብናነሳለት ይሻላል።»

ኦቦ ቱፋ «ዋቅኒ ሃ ገርጋሩ» አሉ፤ እግዜር ይርዳው ማለታቸው ነው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ቁልቁል ወደ ገበያው ሄዱ። ሳቢራ ሻዩ በእጇ እየቀዘቀዘ መጋረጃውን እያየች ቀረች።

ጨርቁ ጥቁር ግራጫ ሱፍ ነው። የኦቦ ቱፋ ታላቅ ወንድም ከመርካቶ ገዝተውት፣ ሙሉ ልብስ ሳያሰፉበት አረፉ። ኦቦ ቱፋም ለዓመታት ከናፍታሊን ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። ልጃቸው ለንሳ በመጪው ጥር እንድትዳር ቀን ሲቆረጥ ነው ከሣጥኑ ያወጡት። ጳጉሜን ውስጥ ዝናብ እየወረደ፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው አመጡት። «ልጄን ይህን ለብሼ ነው የምድራት፤ ወንድሜም ሰርጉ ላይ እንደዋለ ይቆጠርልኛል» አሉ። የሳቢራ አባት ሰዲቅ ጨርቁን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸት አደረገና «እንዲህ ያለው አሁን አይገኝም» አለ። ልካቸውን ወሰደ፣ ጨርቁን ላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖረው። ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ማለዳ ለሶላት ሲነሳ ግማሽ ጎኑን መታው። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ አፉም ተመለሰ፣ ቀልዱም አብሮ። ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለ። ጉልበት አላጣም፤ በሩን ሲዘጋ ግድግዳው ይነቃነቃል። ያጣው ቦታውን ነው። ስኒ ሊይዝ ሲል እጁ ደህና ሄዶ ሄዶ፣ ልክ ስኒው ዘንድ ሊደርስ ሲል መንቀጥቀጥ ይጀምርና ከስኒው ጎን ያለውን አየር ይጨብጣል፤ ወይም ስኒውን ገፍቶ ሻዩን ጭኑ ላይ ይደፋዋል።

የቤቱ ሰው ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነበር፤ «ቀስ በል»። ሙሂዲን ቀስ በል ይለዋል፣ ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ቀስ በል ይለዋል፣ ከሁሉም አብልጣ ሳቢራ ትለዋለች። ስኒውን አስቀርታ አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ኩባያ ገዛችለት፤ ሻዩንም እስከ ወገቡ ብቻ ትሞላለታለች። ሰዲቅ ኩባያውን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ዕድሜውን ሙሉ በመርፌ ቀዳዳ ክር ሲያሳልፍ የኖረ ሰው ነውና ልጆች የሚጠጡበት ኩባያ ፊቱ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው እሷም ታውቃለች፤ ግን አንዳቸውም አንስተውት አያውቁም። እናታቸው ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ስለ ጨው፣ ስለ ኤሌክትሪክ መጥፋት፣ ስለ ክር ዋጋ መናር እንደ ልብ ይወራል። የሚያም ነገር ሲመጣ ግን ሦስቱም ሰሃናቸውን ያያሉ።

የዚያን ቀን ከተማው ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥል ነበር። ኅዳር ሲታጠን በሽታ ይሸሻል እየተባለ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ደጁን ጠርጎ እሳት ይለኩሳል። ሙሂዲን ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አንድ ጆንያ ጎትቶ አወጣ። ሰዲቅ ለትከሻ መሙያና ለመጣፊያ ይሆናል እያለ ያጠራቀመው ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው።

«ይሄን አውጪና አቃጥዪው። ከእንግዲህ ምን ይሠራል?»

ሰዲቅ በርጩማው ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያይ ነበር። አልዞረም። ሳቢራ «ኋላ» አለችና ወንድሟ ሲወጣ ጆንያውን በእግሯ ገፍታ ወደ ቦታው መለሰችው።

አራት ሰዓት ላይ የሰዲቅ ታላቅ እህት ሀጀራ ከጉደር አምቦ ደረሰች። ገና ከባጃጁ ሳትወርድ ድምፅዋ ሱቁ ገባ፤ ከባለ ባጃጁ ጋር ስለ መልስ ትሟገት ነበር። በአንድ እጇ መቀነቷን፣ በሌላው አንድ ፌስታል ቀይ ሽንኩርት ይዛለች።

«በሽተኛ በሽንኩርት ይጠየቃል እንዴ?» አለ ሰዲቅ።

«ብርቱካን ስንት እንደገባ ሰምተሃል? ደግሞ አንተ በሽተኛ አይደለህም፣ ሰነፍ ነህ። ተነስና ሳመኝ።»

ሰዲቅ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ሳቢራ አላየችም። አክስቷን ወደ ጓዳ ወሰደቻትና ሽንኩርቱን ፊቷ ዘርግታ፣ ቢላዋ ይዛ ተቀመጠች። ሙሂዲን ያለውን ቃል በቃል በሹክሹክታ ነገረቻት። ስትጨርስ እንባዋ ይወርድ ነበር። «ሽንኩርቱ ነው» አለች።

«ሽንኩርቱን እኮ ገና አልላጥሽውም» አለች ሀጀራ። «ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«ዘጠኝ ተኩል።»

«የቁልፉ ቆርቆሮ የታለ? የልብስ ቁልፍ የሚጠራቀምበት።»

ከቆርቆሮው ውስጥ አምስት ትልልቅ የካፖርት ቁልፎች መርጣ አወጣችና ወደ ሱቁ ተመለሰች። ሰሌን አነጠፈች፤ ወገቧን ይዛ፣ «ያ ረቢ» እያለች፣ በብዙ ጣጣ ቁጭ አለች።

«ና ቁጭ በል። ቅልብልቦሽ።»

«አብደሻል? በዚህ ዕድሜ? ሰው ቢገባስ?»

«ልጅ ሳለህ ከእኛ ከሴቶቹ ጋር ስትጫወት አባታችን በቀበቶ ያባርርህ ነበር። አሁን ማን ያባርርሃል? ሟቹ ነው?»

ሰዲቅ እየሳቀ፣ እየተነጫነጨ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ያ ጨዋታ አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ፣ እሱ ሳይወርድ መሬት ያሉትን መሰብሰብ፣ ከዚያም የተወረወረውን መቅለብ ነው። ሰዲቅ ሁሉንም በአንድ እጅ አይችለውምና ሀጀራ ሕጉን አሻሻለች፤ እሷ ትወረውራለች፣ እሷው ትቀልባለች፣ እሱ ከመሬት ያነሳል። የመጀመሪያውን ቁልፍ ወደ ላይ ላከችው። ሰዲቅ ከልምዱ ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋ። ቁልፉ ተመልሶ የሀጀራ መዳፍ ላይ ሲያርፍ የሱ እጅ ገና በመንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«እኔ አምቦ ገብቻለሁ፤ አንተ ገና ጉደር ነህ» አለችው።

«አባ፣ ቀስ በል» አለች ሳቢራ ከበሩ ሆና፣ ሳታስበው።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ! ቀስ በል፣ ቀስ በል ሲባል ነው እዚህ የደረሰው። እጁን ስታስጨንቁት እሱም ይጨነቃል።»

ሁለተኛው ላይ ሰዲቅ ተናደደና እጁን እንደ ድንጋይ ወረወረው። ሰሌኑን በጥፊ መታው፤ ቁልፎቹ ተበታትነው አንዱ ማሺኑ ሥር ገባ።

«አሁን ደግሞ አልፈህ አዲስ ዓለም ደረስክ!» ሀጀራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሰውዬ፣ አምቦ ላይ ውረድ ነው የተባልከው!»

ሳቢራ ማሺኑ ሥር ተንበርክካ ቁልፉን አመጣች። ቁልፎቹ ሰሌኑ ላይ እየተንሸራተቱ መሆኑን ስላየች፣ ጆንያውን ጎትታ ቁርጥራጩን ጨርቅ ሰሌኑ ላይ አፈሰሰችው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ባለ መስመር፣ የተማሪ ቤት ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ገበር። ሀጀራ አሁን ቁልፉን እስከ ጣሪያው ከፍ አድርጋ ትወረውረው ጀመር። ከፍ ሲል ሰዲቅ ጊዜ ያገኛል፣ ያነሳል። ሲለምደው እያጭበረበረች ዝቅ ታደርገዋለች፣ ይስታል። «አጭበርባሪ! ልጅ ሳለሽም እንዲሁ ነበርሽ» ይላታል። መልሳ ትንሽ ከፍ ታደርጋለች። አንዳንዴ ከቁልፉ ጋር አንድ እፍኝ ቁርጥራጭ አብሮ ይዞ ይነሳል፤ ያን ጊዜ ሀጀራ «ዕቃ ሳይሆን ሰው ነው የምንጭነው!» ብላ ትጮሃለች። ላብ በላብ ሆኗል። መንገድ የሚያልፈው ሰው አንገቱን አስግጎ ያይና ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ከዚያ አንድ ጊዜ ሰዲቅ ቆም አለ። እጁን ገልብጦ አየው። ደግሞ «ወርውሪ» አላት። ወረወረች። እጁ ሳያመነታ፣ ቶሎ፣ ቁልቁል ሄደ፤ መጀመሪያ የመዳፉ ሥር ጨርቁ ላይ ዱብ ብሎ አረፈ፤ ያረፈው እጅ አልተንቀጠቀጠም፤ ከዚያ ጣቶቹ ብቻቸውን፣ በዝግታ፣ ቁልፉን ለቀሙት። ሀጀራ የራሷን ስትቀልብ የሱ በእጁ ነበር።

«ወራጅ አለ!» አለ ሰዲቅ።

እንደገና ሞከሩት፤ ሠራ። እንደገና፤ ሳተ። እንደገና፤ ሠራ። «አየር ላይ ነው የሚፈራው» አለ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «መንገዱን በሩጫ ሄዶ ሲቀመጥ ይረጋጋል። ተቀምጦ ነው መሥራት ያለበት።» ሀጀራ ቀና ብላ ሳቢራን አየቻት። ዐይኗንም እላይዋ ላይ አቆየችው። ሳቢራ ገባት፤ ይህን መናገር ያለባት እሷ ናት፤ አክስቷ አትነግርላትም።

«አባ» አለች። «ኦቦ ቱፋ ዛሬ ጨርቃቸውን ሊወስዱ ነው። ዘጠኝ ተኩል ላይ። አንተ መስጊድ ስትሆን።»

ሀጀራ የወረወረችውን ቁልፍ ማንም አልቀለበውም። ወርዶ ቁርጥራጩ ውስጥ ጠፋ። ሰዲቅ የሳቢራን ፊት አየ፣ ደጁን አየ፤ ደጅ የጎረቤት እሳት ይጨሳል።

«ሙሂዲን ነው እንዲህ ያደረገው?»

ሳቢራ የጠፋውን ቁልፍ ከቁርጥራጩ ውስጥ ትፈልግ ጀመር።

«ልጄ ነው፤ ፈርቶልኝ ነው» አለ ሰዲቅ። ቀጥሎ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። «ትልቁን መቀስ አምጪ። ጠመኔም።»

ምሳ የበላ የለም። ሳቢራ ከጆንያው ሰፋ ሰፋ ያለውን ቁርጥራጭ እየመረጠች ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፣ በጠመኔ መስመር ታሰምርበታለች፣ አባቷ ይቆርጣል። የመጀመሪያዎቹ ያሳዝኑ ነበር። መቀሱን አየር ላይ ይዞ መስመሩን ሲፈልግ አፉ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ሲዘገይ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል፣ ሲፈጥን ከመስመሩ ይወጣል። ከዚያ ቁልፎቹን አሰበ መሰል፣ መቀሱን ከላይ ማንዣበቡን ተወና የታችኛውን ስለት ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው፤ የእጁንም ሥር አብሮ። መቀሱ መሬት የያዘ ሆነ። ቀጥ ያለው መስመር ላይ አፉን ሙሉ ከፍቶ ረጅም ረጅም እየነከሰ ገሰገሰ። ኩርባው ጋ ሲደርስ ያቆምና፣ ያሳርፍና፣ በመቀሱ ጫፍ ትንሽ ትንሽ እየቀመሰ ይዞራል። ድሮም እንዲሁ ነበር የሚቆርጠው፤ ሳቢራ ግን በልጅነቷ ስታየው ሁሉም አንድ ዓይነት ፍጥነት ይመስላት ነበር። ሀጀራ በርጩማው ላይ ሆና ሽንኩርት እየላጠች «ጉደር... አዲስ ዓለም... አዲስ ዓለም... እሰይ፣ አምቦ!» እያለች ትቆጥርለታለች።

የከሰዓት በኋላውን ሶላት እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰገደ። ጠርሙስ ውስጥ የተረፈ የአምቦ ውሃ ነበር፤ ሀጀራ በስኒ ቀዳችለት። በግራ እጁ ጠጣው።

ኦቦ ቱፋ በሰዓታቸው መጡ። ሙሂዲን ቀድሞ ሊመጣ ነበር፤ ደንበኛ ይዞት ዘገየ። ሽማግሌው ሰዲቅን ጠረጴዛው ኋላ ቆሞ፣ ሜትር አንገቱ ላይ ጥሎ ሲያዩት በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ ሰዲቅ» ብለው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ እንደምን ዋልክ አሉት።

«ፈያ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ጨርቅህን ልትወስድ መጣህ አሉኝ።»

«እኔማ... ልጁ...»

«ውሰደው፣ ያንተ ነው። መጀመሪያ ግን ይህን እይልኝ።» በኩርባ መስመር የተቆረጠውን ቁርጥራጭ ገፋ አደረገላቸው።

ኦቦ ቱፋ መነጽራቸውን አወጡ። ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ዳበሱት። ሱቁ ውስጥ የሀጀራ ቢላዋ ብቻ ይሰማል። «ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ኦቦ ሰዲቅ፣ ልዋሽህ አልፈልግም። ይህ ቁርጥራጭ ነው። ያኛው የወንድሜ ነው። አንዴ ከተሳተ ሌላ የለኝም።»

«ልክ ነህ» አለ ሰዲቅ። አልለመነም። ሳቢራ እሱ እንዲለምን ፈልጋ ነበር፤ እሷ ልትለምን አፏን ከፈተች፣ ሀጀራ በዐይኗ ዘጋቻት።

ኦቦ ቱፋ ወደ መደርደሪያው ሄዱ። ላስቲኩን ራሳቸው አወረዱት፤ ብብታቸው ሥር አደረጉት፤ እስከ በሩም ሄዱ። እዚያ ቆመው በጢስ የተሞላውን መንገድ ለጥቂት ጊዜ አዩ። ከዚያ ተመልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና መፍታት ጀመሩ። የናፍታሊኑ ሽታ ሱቁን ሞላው።

«ልብስ ሰፊ ብዬ ሳይሆን አንተን ብዬ ነው ያመጣሁት። ቶሌ፣ እሺ፣ ቁረጠው። ግን አጠገብህ ቆሜ አያለሁ።»

«ከፈለግህ ጉያዬ ውስጥ ግባ» አለ ሰዲቅ።

ልኩን ጳጉሜን ላይ ከወሰደ ወዲህ አልረሳውም፤ እየነገራት ሳቢራ በጠመኔ አሰመረች። ጨርቁን አጥፋ፣ በሁለት መዳፏ ወጥራ ያዘች። «ቢስሚላህ» አለ ሰዲቅ። መቀሱ ቶሎ ሄዶ መስመሩ ራስ ላይ ተቀመጠ። አንድ ቅጽበት አረፈ። ከዚያ ክርች አለ።

ትከሻው አለፈ። የእጅጌው መግቢያ ኩርባ ላይ ሲደርስ ሰዲቅ አቆመ፣ አሳረፈ፣ በጫፉ እየቀመሰ ዞረው። የጠመኔው መስመር ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ጠርዝ ላይ ቀረ። ከዚያ ጎኑን ይዞ ረጅም ረጅም እየነከሰ ቁልቁል ወረደ። ኦቦ ቱፋ እያጎነበሱ፣ እያጎነበሱ፣ አፍንጫቸው ጨርቁን ሊነካ ደረሰ። መጨረሻው ላይ መቀሱ ከበደው።

«ይሄ ሱፍ ታች ወፍራም ነው» አለ ሰዲቅ፤ ጥርሱን ነክሶ ጨመቀው። ክርችችች! «ወራጅ አለ!»

«ኡልፋዱ!» አሉ ኦቦ ቱፋ፣ ክበር ለማለት፣ ደስ ብሏቸው ቀና አሉ። ጋቢያቸው ግን ሙሉው አብሯቸው አልተነሳም። ከሱፉ ሥር አንድ ነጭ ነገር ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ ባለ ሦስት ማዕዘን። የጋቢው ጥግ ነበር፤ ባለ ጥለት ጠርዙ ሳይቀር።

ሙሂዲን እያለከለከ በበሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። አባቱን ከነመቀሱ አየ፣ የእህቱን ፊት አየ፣ የተቆረጠውን ነገር አየ። «ወላሂ ያልኩት ደረሰ!» አለና ጆንያው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

ኦቦ ቱፋ የተቆረጠውን ጥግ አንስተው በጣቶቻቸው መሃል አሸት አሸት አደረጉት፣ ልክ ሰዲቅ ሱፉን እንዳሸው። ሱፉን አገላብጠው አዩ፤ መስመሩ መስመር ነው። ከዚያ ወደ ሙሂዲን ዞሩ።

«ጋቢ ስንት እጥፍ ነው፣ ልጄ?»

«አራት» አለ ሙሂዲን በቀጭን ድምፅ።

«አራት እጥፍ ጋቢ፣ ሁለት እጥፍ ሱፍ! አልቋል ያልከኝ እጅ ይሄ ነው?»

መጀመሪያ የሳቀችው ሀጀራ ናት፤ የሽንኩርቱ ልጣጭ ከጭኗ እስኪበተን ሳቀች። ከዚያ ሰዲቅ፣ ከዚያ ራሳቸው ኦቦ ቱፋ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን በተቆረጠው ጥግ ጠረጉ። ሙሂዲን ቀና ብሎ አባቱን አየው፤ ሰዲቅም በመቀሱ ወደ ጠረጴዛው ሌላ ጫፍ አመለከተው። «ና፣ በዚያ በኩል ያዝ። ሱሪው ይቀራል።» ሙሂዲን ጃኬቱን አውልቆ መጣና ያዘ። ስለ ጠዋቱ አላነሱም። ሳቢራ ግን የዚያን ዕለቱ ዝምታ ከወትሮው ሌላ መሆኑን አወቀች፤ ሦስቱም አንድ ጨርቅ ይዘው ነበር።

«ጋቢውን ልስፋልዎት» አለች ኦቦ ቱፋን።

«ተዪው። ሰው ምን ሆነህ ነው ሲለኝ የምነግረው አገኘሁ።»

ሙሉ ልብሱ በታኅሣሥ አለቀ፤ ኦቦ ቱፋ እሱን ለብሰው በጥር ለንሳን ዳሩ። ሰዲቅ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ጨርቅ ቆረጠ፤ ስኒ ግን እስከ መጨረሻው በግራ እጁ ነው ያነሳው። ያረፈው በግንቦት 2014 ነው። ኦቦ ቱፋ ለቀብሩ የመጡት ያንኑ ጋቢ ለብሰው ነበር፤ ጥጉ አልተሰፋም።